1 ቴራባይት ለመጫን 9 ቀን፦ ብዙ ፋይል ያለው ሰው ባክአፕ እንዴት ይይዛል?

ደብረ ታቦር ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ካወቃችሁ ሃርድ ዲስኮቹን አይታችኋል። የስንቱ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት እዚያ ውስጥ አለ። አንዱ ዲስክ ከእጁ ቢወድቅስ?

«ክላውድ ላይ ይጫነዋ!» ትሉ ይሆናል። እስቲ እናስላው። በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚጭን መስመር 1 ቴራባይት ያለማቋረጥ 9 ቀን ከምናምን ይፈጃል። 9 ቀን ሙሉ መብራትም ኔትወርክም ሳይጠፋ? እኛ ጋ? ደግሞ በ2015 ነሐሴ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ሲቆይ፣ ፋይሉ ክላውድ ላይ ብቻ የነበረ ሰው ማየት እንኳ አልቻለም።

ብዙ ዳታ የያዙ ተቋማትም በየቀኑ ሁሉንም አይገለብጡም። አንዴ ሙሉ ኮፒ ይይዛሉ፤ ከዚያ አዲሱንና የተለወጠውን ብቻ ይጨምራሉ። ፋይሉ ሚሊዮን ሲደርስ ግን «የቱ ተለወጠ?» ብሎ መፈለጉ ራሱ ሰዓታት ይወስዳል። ስለዚህ በየዓመቱ ከፋፍሎ፣ ያለቀውን ዘግቶ አለመንካት ሥራውን በጣም ያቀላል።

ኮፒው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠስ? ሌባም እሳትም ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚወስደው። ይሄ ከኮምፒውተር በፊትም የታወቀ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ሲጀመር፣ ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ተነሱ። ኮፒው አዲስ አበባም፣ አሜሪካ ሚኒሶታም ተቀመጠ። እዚህ መጽሐፉ ቢቃጠል ገጾቹ እዚያ ይነበባሉ።

ሌላው ጣጣ ባክአፑ ባዶ ሆኖ መገኘቱ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ጊትላብ የተባለው ኩባንያ አንድ ሠራተኛ በስህተት ዋናውን ዳታቤዝ አጠፋበት። በየቀኑ ይቀመጣል የተባለው ባክአፕ ሲፈለግ የለም! ለካ ሲከሽፍ ቆይቷል፤ ያየው ሰው አልነበረም። ያዳናቸው አንድ ሠራተኛ ከ6 ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ ብሎ የወሰደው ኮፒ ነው። የ6 ሰዓቱ ዳታ ግን ቀረ።

ስለዚህ ዲስካችሁን በወር አንዴ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ የቆየ ቪዲዮ ክፈቱ፤ እስከ መጨረሻው ይጫወታል ወይ?

ስልክ ብቻ ያላችሁም አንድ ነገር ልብ በሉ። ጉግል ፎቶስ ላይ ባክአፕ የሆነ ፎቶ ከመተግበሪያው ስታጠፉ ከስልኩም ከክላውዱም ነው የሚሄደው። መጣያው ውስጥ 60 ቀን ይቆያል።