ጥሩ ካንዴላ ሁሉ ጥሩ አክሲዮን ነው?

ውጭ አገር ልጅ ያላችሁ ወላጆች «ያጠራቀምኩትን ምን ላይ ላውለው?» የሚል ጥያቄ ሳይደርሳችሁ አልቀረም። እኔ ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ መሸጥ ከጀመርኩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ልጄ ለሁለት ልጆቹ ትምህርት ያስቀመጣት ገንዘብ አለችው። «አባዬ፣ ዕቃውን ከማንም በላይ ታውቀዋለህ፤ የዴንሶን አክሲዮን ልግዛ ወይስ የኤንጂኬን?» ብሎ ደወለልኝ።

ሁለቱም የጃፓን ኩባንያዎች ናቸው፤ ካንዴላዎቻቸውም መደርደሪያዬ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የትኛው ይሻላል በሚለው ከባለ ባጃጆች ጋር ስንከራከር እንውላለን። አክሲዮን ሲሆን ግን ጥያቄው ይለያል። ሹፌር የሚፈልገው መንገድ ላይ የማያስቀረውን ዕቃ ነው። ባለ አክሲዮን ግን ኩባንያው ከምን እንደሚያተርፍ፣ ትርፉ ነገም ይቀጥል እንደሆነና ለዚያ ትርፍ ስንት እየከፈለ እንደሆነ ማወቅ አለበት። ዕቃው ጥሩ ሆኖ አክሲዮኑ የማይገኝም አለ። የጀርመኑ ቦሽ እናት ኩባንያ 94 በመቶ ድርሻው በበጎ አድራጎት ድርጅት እጅ ስለሆነ ገበያ ላይ አይሸጥም።

ዴንሶ፦ ትልቅ ሱቅ፣ አንድ ትልቅ ደንበኛ

ዴንሶ እ.ኤ.አ. በ1949 ከቶዮታ ተነጥሎ የቆመ ነው። ካንዴላ ከሥራው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ የመኪና ኤሲ፣ ራዲያተር፣ የነዳጅ ፓምፕና የኤሌክትሪክ መኪና ዕቃዎችንም ይሠራል። ይህ ብርታቱ ነው። ነገር ግን ከሽያጩ ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከቶዮታና ከእህት ኩባንያዎቹ ነው፤ ቶዮታ ዋና ባለ አክሲዮኑም ነው። የሱቄን ግማሽ ዕቃ የሚገዛ አንድ ደንበኛ ቢኖረኝ «ቀንስልኝ» ሲለኝ እምቢ ማለት እንደሚከብደኝ አውቃለሁ። ከ2020 ወዲህ ደግሞ በነዳጅ ፓምፕ ጉድለት በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖች ለጥገና ተጠርተው ዴንሶ ብዙ ወጪ አውጥቷል።

ኤንጂኬ፦ በአንድ ዕቃ የቆመ

ኤንጂኬ እ.ኤ.አ. በ1936 ናጎያ ውስጥ ተመሠረተ። በ2023 የኩባንያውን ስም ኒቴራ ብሎታል፤ ካንዴላው ግን በቀድሞ ስሙ ይሸጣል። አክሲዮኑን የሚፈልግ ሰው ኒቴራ ብሎ መፈለግ አለበት። ከሽያጩ አብዛኛው ካንዴላና የጭስ ማውጫ ሴንሰር ነው። ካንዴላ አላቂ ዕቃ ስለሆነ አዲስ መኪና ባይሸጥ እንኳ አሮጌው ይገዛዋል። ችግሩ የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የሌለው መሆኑ ነው።

ይህ ለሐዋሳ ሰው ሩቅ ወሬ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ደንበኛ የፍሬን ሸራና ኩሽኔታ ይጠይቀኛል እንጂ ካንዴላ አይጠይቀኝም። ኮሮላው፣ ቪትዙና ባጃጁ ግን በአንድ ቀን ከመንገድ አይወጡም።

ኩባንያዎቹም ይህን አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ዴንሶ የካንዴላና የሴንሰር ሥራውን ለኒቴራ ለማስተላለፍ ንግግር መጀመራቸውን አስታውቀዋል። አንዱ ከሚጠብ ገበያ ሊወጣ ሲፈልግ፣ ሌላው የቀረውን ሰብስቦ ሊያተርፍ አስቧል። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ።

ዋጋውስ?

ባጃጅ የሚገዛ ሰው «በስንት ዓመት ይመልስልኛል?» ሳይል አይገዛም። አክሲዮንም እንደዚሁ ነው። አንዱ አክሲዮን 1000 ብር ቢሸጥና ኩባንያው በዓመት ለአንድ አክሲዮን 100 ብር ቢያተርፍ፣ የዓመቱን ትርፍ አሥር እጥፍ ከፈላችሁ ማለት ነው። ሃያ እጥፍ የምትከፍሉ ከሆነ ትርፉ እንደሚያድግ የሚያሳምን ምክንያት ሊኖራችሁ ይገባል። ተፎካካሪዎችን በዚህ ሚዛን ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ዕዳቸውንም እዩ።

ለልጄ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። ትልቋ የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት አራት ዓመት ስለቀራት የእሷ ገንዘብ አክሲዮን ላይ አይዋል፤ ዋጋ በወረደበት ዓመት መሸጥ ግድ ሊሆን ይችላልና ባንክ ይቀመጥ። ትንሹ ገና ብዙ ዓመት አለው። ከእሱ ድርሻ ጥቂቱ ለሁለቱም ኩባንያዎች ይከፈል፤ የቀረው ከመኪና ጋር ወደማይገናኙ ሥራዎች ይበተን። መኪና ሰሪዎች ሲታመሙ መለዋወጫ ሰሪዎቹም አብረው ይታመማሉና።

እዚህ አገር ላለነውም ጥያቄው ያው ነው። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው፤ መለዋወጫ አምራች ግን አላየሁበትም። በዚያው ዓመት ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ቢያንስ 33 አክሲዮን ለሚገዛ ሰው አቅርቦ ነበር። የምትገዙት የየትኛውም ድርጅት አክሲዮን ቢሆን፣ የውጭ ኦዲተር ያየውን የሒሳብ ሪፖርት ጠይቁ። ትርፉ ከምን እንደመጣ እዩ። ገንዘቡን በፈለጋችሁ ቀን ማን እንደሚገዛችሁም አስቀድማችሁ እወቁ፤ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ገዢ እስኪገኝ አይጠብቅም።