ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ ስለሚመጣ እንግዳና ስለ መሳፈሪያው

ከየአገሩ ተነሥቶ ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። አንዱ በሐኪም ቤት ቀጠሮ አለው፤ አንዱ በሰበር ችሎት ክርክር አለው፤ አንዱም ስለ ደብሩ ጉዳይ ወደ ጠቅላይ ቤተ ክህነት የተጻፈ ደብዳቤ በደረት ኪሱ ይዟል። ይህ ሰው ከቤቱ ሲነሣ ድካሙ ሁሉ በረጅሙ መንገድ ላይ ያለ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ዋናው ችግር የሚጀምረው ከመናኸሪያው በር ነው። እስከ ላምበረት ወይም እስከ አስኮ ወይም እስከ ቃሊቲ ድረስ አንድ አውቶቡስ አድርሶታል፤ ከዚያ እስከ ቀጠሮው ቦታ ያለችው ጥቂት ኪሎ ሜትር ግን ሁለትና ሦስት ጊዜ ወርዶ መሳፈርን ትጠይቀዋለች። በዚህች አጭር መንገድ የጠፋ ሰው ቀጠሮው ያልፍበታል፤ ቀጠሮው ያለፈበት በሽተኛም ሌላ ቀን እስኪሰጠው ድረስ የአልጋ ኪራይ እየከፈለ ይቀመጣል፤ ስንቁ አልቆበት ሳይታከም ወደ አገሩ የሚመለስም አለ። እንዲህ ከሆነ ነገሩ እንደ ቀላል ሊታይ አይገባውም።

ከሁሉ አስቀድሞ እንግዳውን የሚያሳስተው የቦታ ስም ነው። በአዲስ አበባ ብዙው ቦታ ሁለት ስም አለው፤ አንዱ በመዝገብ የተጻፈ፣ ሁለተኛው በሕዝብ አፍ ያለ ነው። በደብዳቤው ላይ «የካቲት 12 አደባባይ» ተብሎ የተጻፈለት ሰው ይህንኑ ስም ጠርቶ የታክሲ ረዳት ቢጠይቅ፣ ረዳቱ ቀኑን ሙሉ «ስድስት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ» እያለ የሚጣራው ለዚያው ቦታ መሆኑ ትዝ ላይለው ይችላል። «ሚያዝያ 27 አደባባይ» የሚባለውም አራት ኪሎ ነው። ስሞቹ በከንቱ የተሰጡ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ፋሺስቶች በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ስላፈሰሱት ደም፣ ሁለተኛው ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ ከተማቸው ስለ ተመለሱበት ቀን መታሰቢያ ይሆኑ ዘንድ የተሰጡ ናቸው፤ ሐውልቶቹም በዚያው ቆመዋል። ቢሆንም ታሪኩን አጥርቶ የሚያውቅ እንግዳ መንገዱን ሳያውቅ ይቀራል። ከባዕድ ቋንቋ የመጣ ስምም አለ፤ ለገሐር ከፈረንሳይኛ፣ ፒያሳም ከኢጣልያንኛ የተወሰዱ ናቸው። ሜክሲኮ የተባለው አደባባይ ደግሞ ያ አገር የኢጣልያን ወረራ በሕግ አልቀበልም በማለቱ ለውለታው የተሰየመ ነው። ባላገሩ ከመኪና እንደ ወረደ «ሜክሲኮ በዚህ ግቡ» ሲባል ሰምቶ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባው ትንሹ ታክሲ በከተማው ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የተለመደው መሳፈሪያ ነው። በላዩ የመሥመሩን ስም የያዘ ታፔላ ስላለው፣ ማንበብ የሚችል እንግዳ ጩኸቱን ትቶ ታፔላውን ቢመለከት ይሻለዋል። የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ሲደርስ ግን አንዳንዱ ባለ ታክሲ በታፔላው እንደ ተጻፈው እስከ መጨረሻው አይሄድም፤ መንገዱን ከመካከል ቆርጦ ሰዉን ያወርድና ለቀረው መንገድ ደግሞ እንደ አዲስ ያስከፍላል። የከተማው ሰው ይህን ያውቃልና ይከራከራል፤ እንግዳው ግን ሥርዐቱ እንዲህ ነው ብሎ ሁለት ጊዜ ከፍሎ ይሄዳል። ታሪፍ የተወሰነው ለእንዲህ ያለው ሰው ነበር፤ ተቈጣጣሪው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰው በሚበዛበት ሰዓት አይገኝም።

ሌላም ነገር አለ። በታክሲ የተሳፈረ ሰው መውረጃው ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ወራጅ አለ» ማለት አለበት፤ ዝም ካለ መኪናው አልፎት ይሄዳል። በጨዋነት ያደገ ሽማግሌ በማያውቃቸው ሰዎች መካከል መጮኽን እንደ ነውር ይቈጥረዋል። በማሕሌት ቆሞ ቤተ ክርስቲያኑን በድምፁ የሚሞላ መሪጌታ በታክሲ ውስጥ አፉ ተይዞ ሁለት ፌርማታ አልፎ ቢወርድ የሚያስገርም አይደለም። መድኀኒቱ ሲገባ ለረዳቱ ወይም አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው የሚወርድበትን ቦታ አስቀድሞ መንገር ነው። የአዲስ አበባ ሰው በሰልፍ ላይ ቢጋፋም፣ አንድ ጊዜ ከተቀመጠ በኋላ ለሽማግሌና ለካህን መንገድ ማሳየትን አይሰስትም፤ የእንግዳውን ሒሳብ የሚከፍልለትም ይገኛል።

አንበሳ አውቶቡስ ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማውን ሰው ያመላለሰ ነው። ዋጋው ከታክሲ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩን ማወቅና ቆሞ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ቀጠሮ ለደረሰበት ሰው አይመረጥም። በግፊያውም መካከል ደብዳቤና ገንዘብ በአንድ ኪስ አይያዝም።

ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ዋጋው እንደ መንገዱ ርቀት ከ2 ብር እስከ 6 ብር ነበር። የመሥመሮቹም ርዝመት በጠቅላላው 34 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አንደኛው ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ሁለተኛው ከቃሊቲ ወደ ምኒልክ አደባባይ እንዲሄድ ሆኖ ተሠራ። ሁለቱ መሥመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ ድረስ በአንድ ሐዲድ ይሄዱና ከዚያ በኋላ ይለያያሉ። እንግዳ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወደ አውቶቡስ ተራ ለመሄድ ከለገሐር የሚሳፈር ሰው ሰማያዊውን መጠበቅ ሲገባው የመጣው ሁሉ አንድ መስሎት በአረንጓዴው ቢገባ፣ ሳያስበው ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ባለፉት ዓመታት በመለዋወጫ ዕቃ ዕጦት ብዙዎቹ ባቡሮች ስለ ቆሙም ጥበቃው ረዝሟል።

ቀድሞ ከተማውን አውቃለሁ የሚለውም ሰው ቢሆን መጠየቅ አለበት። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአራት ኪሎ አካባቢ ብዙ ቤቶች ፈርሰው መንገዱ ሰፍቷል፤ «ከዚያ ሱቅ አጠገብ ውረድ» ተብሎ የተመከረ ሰው ሱቁንም መውረጃውንም አያገኘውም።

ይህን ሁሉ ችግር ለማቃለል ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ነገር አለ። እንግዳውን የሚጠራው መሥሪያ ቤት ነው፤ የቀጠሮ ወረቀቱንም የሚጽፈው እርሱ ነው። በዚያ ወረቀት ግርጌ ቦታው በሕዝብ አፍ ማን እንደሚባል፣ ከየመናኸሪያው በየትኛው ታክሲ እንደሚመጣ፣ የት ወርዶ የት እንደሚሳፈር ሁለት መስመር ቢጨመርበት፣ ማንበብ የማይችለው እንኳ ወረቀቱን ለሌላ ሰው እያሳየ ይደርሳል። የከተማው አስተዳደርም በየመናኸሪያው በር በትልልቅ ፊደል የተጻፈ የመሥመር ሰሌዳ ቢያቆም፣ እንግዳውን በደላላ እጅ ከመውደቅ ያድነዋል።

የመመለሻው ሰዓትም ሊታሰብበት ይገባል። ከጧት ጀምሮ ደጅ ሲጠና ውሎ ጉዳዩ በ11 ሰዓት የተፈጸመለት ባላገር የሚወጣው የከተማው ሠራተኛ ሁሉ ከሚወጣበት ሰዓት ጋራ ነው፤ በሜክሲኮና በመገናኛ ሰልፉ እጅግ የሚረዝመውም ያን ጊዜ ነው። ሲመሽም ታክሲው እየሳሳ፣ ዋጋውም ከታሪፉ በላይ እየሆነ ይሄዳል። የከተማው ባለጉዳይ ነገም ሊመጣ ይችላል፤ ከሩቅ የመጣውን ግን አስቀድሞ ጨርሶ ከ9 ሰዓት በፊት የሚያሰናብት ሹም፣ እንግዳው ቀን ሳለ መናኸሪያው ደርሶ የነገውን ቲኬት እንዲቈርጥ ያደርገዋል።