ሚጥሚጣ ለምን ያቃጥላል?

ክትፎው ላይ ሚጥሚጣ የበዛበት ሰው አፉ ይንገበገባል፣ ግንባሩን ያልበዋል፣ አፍንጫው ይፈሳል። ምላሱን በቴርሞሜትር ብንለካው ግን የሚያቃጥል ሙቀት አናገኝም። ታዲያ የተሰማው እሳት ከየት መጣ?

ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ምላስና ቆዳ የየራሳቸው ተቀባይ ሕዋሳት አሏቸው። ሥራቸው ብርሃንን፣ የአየር ንዝረትን፣ ኬሚካልን ወይም ሙቀትን ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት መለወጥ ነው። አንጎል ዘንድ የሚደርሰው ይህ መልእክት ብቻ ነው፤ ትርጉሙን የሚሰጠው በየትኛው ነርቭ እንደመጣ አይቶ ነው።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ በ1997 እ.ኤ.አ. የደረሱበት ይህንኑ በግልጽ ያሳያል። በሕመም ነርቮች ጫፍ ላይ ሙቀት ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲያልፍ እንደ በር የሚከፈት ፕሮቲን አለ። በቃሪያና በሚጥሚጣ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የተባለ ኬሚካልም ያንኑ በር ይከፍተዋል። አንጎል ከፋቹ እሳት ይሁን በርበሬ መለየት ስለማይችል «ተቃጠልኩ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ላቡም የሚመጣው ገላን ለማቀዝቀዝ ነው። ካፕሳይሲን በሩ በአነስተኛ ሙቀት እንዲከፈት ስለሚያደርግ፣ ከሚጥሚጣ በኋላ ለብ ያለ ሻይ እንኳ ይፋጃል። ናና ውስጥ ያለው ሜንቶል ደግሞ የቅዝቃዜን ተቀባይ ስለሚነካ አፍ የቀዘቀዘ ይመስላል። ጁሊየስ ለዚህ ሥራው በ2021 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማትን ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ተጋርቷል።

ጀርመናዊው ዮሐንስ ሙለር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የስሜቱን ዓይነት የሚወስነው የተነካው ነርቭ እንጂ የነካው ነገር እንዳልሆነ አስተምሮ ነበር። ይህን ለመሞከር ጨለማ ክፍል ውስጥ ዓይንዎን ጨፍነው በጆሮ በኩል ያለውን የዓይንዎን ዳር በጣትዎ ቀስ ብለው ይጫኑት። በአፍንጫ በኩል የብርሃን ክብ ይታይዎታል። የነካዎት ጣት ነው፤ የዓይን ነርቭ ግን ከብርሃን ሌላ የሚናገረው የለውም።

አንጎል የሚሰጠው ትርጉም በልምድም ይለወጣል። ሕፃንን የሚያስለቅሰውን ቃጠሎ ያደገ ሰው ጣዕም ብሎ ይፈልገዋል፤ ደጋግሞ ለሚበላም ተቀባዮቹ እየደነዘዙ ይሄዳሉ።

እንግዲህ ሚጥሚጣ ሲበዛብዎ ወደ ውኃ አይሩጡ። ካፕሳይሲን በውኃ አይሟሟም። ከነርቩ የሚያላቅቀው የወተት ፕሮቲን ስለሆነ ወተት፣ እርጎ ወይም ከክትፎው ጎን የቀረበውን አይብ ይውሰዱ።