ቅጠል በስንት ዘመን አፈር ይሆናል?

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በኅብረት ባቋቋሙት፣ ስፋቱም 705 ሄክታር ያህል በሆነው በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል፣ ከጽዱና ከወይራው፣ ከባሕር ዛፉም ሥር የረገፈው ቅጠል፣ ሰው ልብ ሳይለው፣ ቀስ በቀስ ወደ ወጣበት አፈር ይመለሳል። የዚህ ቅጠል ጽኑ አካል ከሴሉሎስና ከሊግኒን የተገነባ ነው፤ ሴሉሎስም ጥቃቅን የስኳር ቅንጣቶች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በሺህ እየተያያዙ የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። እንዲህ ያለውን ፍጥረት ሊቃውንት ፖሊመር ይሉታል፤ ጀርመናዊው ሄርማን ሽታውዲንገር በ1920 እ.ኤ.አ. ምሥጢሩን ሲገልጥ ብዙዎች ቢቃወሙትም፣ በ1953 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል።

ሰንሰለቱ በምን ፍጥነት እንደሚፈርስ ለማወቅ የሚሻ ተመራማሪ፣ የደረቀ ቅጠል መዝኖ በናይሎን መረብ ከረጢት ይከትና ከዛፉ ሥር ያኖራል፤ በየጊዜውም ጥቂት ከረጢቶች እያነሣ፣ አፈሩን አራግፎና አድርቆ፣ የተረፈውን ይመዝናል። አሜሪካዊው ጄሪ ኦልሰን በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ እንደተመለከተው፣ የመፍረሱ ፍጥነት ምን ጊዜም ከተረፈው መጠን ጋር ተመጣጣኝ ነው፤ የምጣኔውም አኃዝ የፍጥነት ቋሚ ይባላል። ለምሳሌ 10 ግራም ቅጠል በዓመቱ 5 ግራም ቢቀር፣ ቋሚው በዓመት 0.693 ይሆናል፤ በሁለተኛውም ዓመት መጨረሻ 2.5 ግራም ይተርፋል።

ነገር ግን አንዱ ከረጢት ትል ስለሚበዛበት፣ በሌላው ላይ አፈር ስለሚጣበቅ፣ ልኬቶቹ ከአንድ መስመር ላይ አይውሉም። ስለዚህ ፈረንሳዊው ሌዣንድር በ1805 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ፣ በስሌቱና በእያንዳንዱ ልኬት መካከል ያለውን ልዩነት በራሱ አባዝቶ ይደምርና፣ ድምሩ ከሁሉ የሚያንስበትን ቋሚ ይመርጣል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ሥራ እንዲቀል ብሎ ክብደቱን ወደ ሎጋሪዝም የሚለውጥ ሰው፣ 0.2 ግራም የምታህል የሚዛን ስሕተት ከ5 ግራም ላይ 4 በመቶ ብቻ ስትሆን፣ ከ0.5 ግራም ላይ ግን 40 በመቶ መሆኗን ከዘነጋ፣ ደካማይቱ የመጨረሻ ልኬት መላውን መስመር ወደ ራሷ ትጎትትበታለች።

ይህ ጥበብ በላቦራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ አዲስ ሰንሰለት ሲያያዝ ፍጥነቱን ለሚለካው ኬሚስትም ያው ነው። ለሁለቱም ቋሚው ብቻውን አይበቃም፤ የስሕተቱ ወሰን ከአጠገቡ መጻፍ አለበት። የጽዱ ቋሚ 0.6፣ የባሕር ዛፉ 0.5 ሆኖ ቢገኝ፣ የእያንዳንዱም ወሰን ወደ ላይና ወደ ታች 0.2 ቢሆን፣ እውነተኛ መዛኝ አንዱን ፈጣን፣ ሌላውን ዘገምተኛ ብሎ አይፈርድም፤ ተጨማሪ ከረጢቶች ይዞ ወደ ዛፎቹ ሥር ይመለሳል እንጂ።