የአባትና የልጅ የጎሽ አደን፤ ለከብት አርቢ የሚሆን ትምህርት

በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን፥ በሞያሌ አጠገብ በምትገኘው በቦሪ፥ የሰው ሀብቱ ከብቱ ነው። አገሩ ቆላና ደረቅ ሲሆን፥ ጎሽ ደግሞ በየቀኑ ውሃ የሚሻ አውሬ ነው። ስለዚህ የቦሪ ሰው የጎሽ መንጋ ለማየት ወደ ደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ማርሳቢት ደን መውረድ ይኖርበታል። ይሁን እንጂ የጎሽ ዕጣ ከከብት አርቢው ዕጣ ጋራ የተሳሰረ ነው። ይህንንም ለመረዳት፥ በዚያው በኬንያ ምድር አንድ አባትና ልጅ ያደረጉትን አደን መመልከት ይጠቅማል።

ጎሽ መግደል በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የሚያስፎክር ሙያ ነበር። በቦረናም ዘንድ ትልቅ አውሬ የጣለ ሰው ይከበር ነበር። ከጎሽ ቆዳ ጠንካራ ጋሻ ይሠራል፤ መልካም የሠራውንም ልጅ ዛሬ ድረስ «ጎሽ!» እንለዋለን።

ክብሩም ያለ ምክንያት አልተሰጠም። ያደገ ኮርማ ጎሽ ክብደቱ እስከ 800 ኪሎ ግራም ይደርሳል። የሁለቱ ቀንዶቹ ሥር በግንባሩ ላይ ገጥሞ እንደ ራስ ቁር ይሸፍነዋል። አፍንጫው እጅግ ንቁ ስለ ሆነ፥ ነፋሱ ከአዳኙ ወደ እርሱ ከነፈሰ ገና ከሩቅ ያውቃል። የቆሰለ ጎሽ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስፈራል፤ ጥሻ ገብቶ ይሸሸግና ዱካውን ተከትሎ የሚመጣውን ሰው በድንገት ይወጋዋል።

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቴዎዶር ሩዝቬልት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን ለቀው በዚያው ዓመት ሞምባሳ ገቡ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የጉዞው ዓላማ ስሚዝሶንያን ለሚባለው ቤተ መዘክር አራዊት መሰብሰብ ነበር። የ19 ዓመት ልጃቸው ከርሚትም ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን አቋርጦ አብሯቸው መጣ።

ከናይሮቢ ብዙ በማይርቀው በካሚቲ ወንዝ አጠገብ፥ ደንገል በሞላበት ረግረግ ውስጥ የሚኖር የጎሽ መንጋ ነበር። አባትና ልጅ ከመሪያቸው ጋራ ሆነው፥ ለግጦሽ ወደ ሜዳ በወጡ ኮርማዎች ላይ ተኮሱ። ወዲያው ግን ትልቁ መንጋ ብቅ ብሎ ፊቱን ወደ እነርሱ አዞረ። በአጠገባቸው የሚወጡበት ዛፍ፥ የሚከለሉበትም ድንጋይ አልነበረም። ከመካከላቸው አንዱ ደንግጦ ቢሮጥ ኖሮ መንጋው ሁሉንም ሊረግጣቸው ይችል ነበር። እነርሱ ግን ባሉበት ጸንተው ቆሙ፤ መንጋውም ጥቂት ከተመለከታቸው በኋላ ዞሮ ሄደ። በዚያ ሰዓት ያዳናቸው ጠመንጃቸው ሳይሆን ትዕግሥታቸው ነው።

አባትና ልጅ በዚያ ጉዞ በጠቅላላው 512 አራዊት ገደሉ፤ ይህም ለዛሬ ሰው እጅግ የበዛ ነው። ነገር ግን ጎሽን ከአዳኝ ጥይት ይልቅ የጎዳው በሽታ ነበር።

ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በ1887 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ገብቶ ከኢትዮጵያ ከብት ከመቶው 90 ያህሉን ፈጀ። ገበሬው የሚያርስበትን በሬ በማጣቱ «ክፉ ቀን» የተባለው ረሃብ ሆነ። በሽታው ወደ ደቡብም ወርዶ የማሳይን ከብትና የዱሩን ጎሽ አብሮ ጨረሰ። ሩዝቬልት ያገኙት መንጋ ከዚያ እልቂት የተረፈ ዘር ነበር። ከብዙ ዓመት የክትባት ዘመቻ በኋላ፥ ይህ በሽታ በዓለም ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ2001 ዓ.ም. በኬንያ፥ በሜሩ ብሔራዊ ፓርክ፥ በጎሽ ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ። እንግዲህ ከብቱ ቢከተብም እንኳ፥ ጎሹ ሳይመረመር በሽታው ጠፋ ማለት አይቻልም ነበር።

ዛሬ ሕጉ ተለውጧል። ኬንያ አደንን በ1977 ዓ.ም. ከለከለች፤ በ2013 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግም አውሬ ለገደለው ሰው ቤተሰብና ለቈሰለ ሰው ካሣ እንዲከፈል ደነገገች። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። ከብቱን እየነዳ ወሰን የሚሻገር አርቢ ይህን ልዩነት ማወቅ ይገባዋል።

አባት ለልጁ የሚያስተምረው ሙያ ግን አልቀረም። ዱካ ማንበብ፥ ነፋስ መለየት፥ ከጥሻ መራቅ ዛሬም እረኛውን ከሞት ያድኑታል። ጎሽ የአፍና የእግር በሽታን በሰውነቱ ይዞ ሳይታመም ሊኖር ስለሚችል፥ ከብትን ከጎሽ ጋራ በአንድ ውሃ ላይ አለማጋጠም ይበጃል። ሞቶ የተገኘ አውሬ ቢኖርም ሥጋውን ሳይነኩ ፈጥኖ ለእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ፥ የክትባትም ቀን ሲደርስ መንጋን አለመሸሸግ ተገቢ ነው። በክፉው ቀን የጠፋው ሀብት ዳግመኛ እንዳይጠፋ የሚጠበቀው በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ ነው።