የሚያዳልጥ ወለልና የነጋዴው ድርሻ

በድሬዳዋ የታይዋን ገበያ ጫማ፣ ልብስ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃና ልዩ ልዩ የቤት ቁሳቁስ ከሚሸጥባቸው ስመ ጥር ሥፍራዎች አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው። ከደንበኞቹም መካከል የምግብ ቤትና የሻይ ቤት ባለቤቶች ይገኙበታል። እነዚህ ደንበኞች ለሠራተኞቻቸው ጫማ፣ ለወጥ ቤታቸውም ዕቃ ሲገዙ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ዋጋውንና ጥንካሬውን ነው፤ ዘይትና ውኃ ሲነካው ያዳልጥ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በወጥ ቤት የሚደርሰው የመውደቅ አደጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚሁ ከግዢው ሰዓት ነው።

ሠራተኛ አዳልጦት ሲወድቅ «ዕድሉ ነው» ወይም «አላስተዋለም» ተብሎ ይታለፋል። የነገሩ ምክንያት ግን ግልጽ ነው። ውኃ ወይም ዘይት በወለሉና በጫማው ሶል መካከል በስሱ ሲነጠፍ ሁለቱን ይለያያቸዋል፤ ያን ጊዜ እግር የሚይዘው ያጣል። ዘይት ከውኃ ይልቅ ወፍራም ስለ ሆነ በእርምጃ ክብደት ተገፍቶ ቶሎ አይወጣም፤ ስለዚህ አደጋው የባሰ ነው። በመንገድ ላይ የወደቀ ሰው ልብሱን አራግፎ ይነሣ ይሆናል፤ በወጥ ቤት የሚወድቀው ግን በእጁ የፈላ ዘይት ወይም ቢላዋ ይዞ ሊሆን ይችላል። ጉዳዩ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። በብሪታንያ አሠሪዎች ከሚያስታውቋቸው፣ ለሞት ካላደረሱ የሥራ ላይ ጉዳቶች በቅርብ ዓመታት ሲሶ የሚያህሉት ከመንሸራተት፣ ከመደናቀፍና በቆሙበት ወለል ላይ ከመውደቅ የመጡ ናቸው።

በድሬዳዋ ሁለት ነገሮች ችግሩን ያብሱታል። አንደኛው ሙቀቱ ነው። በሙቀቱ ምክንያት የወጥ ቤት ሠራተኛ ሸበጥ ማድረግን ይመርጣል፤ ሶሉ ያለቀ ሸበጥ ግን በእርጥብ ሴራሚክ ላይ እግርን አያጸናም፤ የፈላ ዘይት ቢደፋም ጣትን አይሸፍንም። ሁለተኛው ውኃው ነው። የከተማዪቱ ውኃ ከከርሰ ምድር የሚቀዳ፣ የኖራ ዓይነት ማዕድን የበዛበት ነው። ተራ ሳሙና ከእንዲህ ያለ ውኃ ጋር ሲገናኝ አረፋው ያንሳል፤ የማይሟሟ ዝቃጭም ይተዋል። ዝቃጩ ከስብ ጋር ተቀላቅሎ ሲቀር፣ ታጠበ የተባለው ወለል እንደ ገና ያዳልጣል። ስለዚህ ለወጥ ቤት ወለል ስብን የሚያነሣ ፈሳሽ ማጽጃ በሙቅ ውኃ መጠቀምና ደኅና አድርጎ ማለቅለቅ ይሻላል።

የወለል ንጣፍ የሚያስመጣ ነጋዴ ከአቅራቢው የማዳለጥ ደረጃውን በጽሑፍ መጠየቅ ይገባዋል። በጀርመን በተሠራው መመዘኛ ሰው ዘይት በተቀባ ተዳፋት ላይ እየተራመደ ንጣፉ ይፈተናል፤ ደረጃውም ከአር 9 እስከ አር 13 ይደርሳል። አር 9 ዝቅተኛው ነው፤ ለንግድ ወጥ ቤት ብዙ ጊዜ የሚፈለገው አር 11 ወይም አር 12 ነው። የሚያብረቀርቀው ሴራሚክ ለሳሎን ያምር ይሆናል፤ ለወጥ ቤት ግን አይሆንም። በጫማ ረገድ በሳሙና ውኃና በግሊሰሪን ላይ ለማዳለጥ የተፈተኑት የሥራ ጫማዎች «ኤስ አር ሲ» የሚል ምልክት ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በታደሰው የአውሮፓ መመዘኛ «ኤስ አር» የሚለው ተተክቷል። ምልክት የሌለውን ጫማ የሚገዛ ሰው ቢያንስ ሶሉ ለስላሳ ጎማና ፈሳሽ የሚያስወጣ ቦይ ያለው፣ የእግርን ፊት የሚሸፍንና ከተረከዝ የሚያዝ መሆኑን መመልከት አለበት።

ይሁን እንጂ የተሻለ ዕቃ ያለ ጥሩ ልማድ አይበቃም። የፈሰሰ ዘይት ወዲያው መጠረግ አለበት። በፈሰሰው ላይ ካርቶን መጣል ችግሩን ይሸፍናል እንጂ አያስወግድም፤ ካርቶኑ ራሱ ይንሸራተታል፤ ጠርዙም ያደናቅፋል። ወለል የሚታጠብበት ሰዓት ሰው ከማይበዛበት ጊዜ ቢሆን፣ ውኃውም በጎማ መግፊያ ወደ ፍሳሽ ቢገፋና ወለሉ ሳይደርቅ ባይረገጥ ብዙ ጉዳት ይቀራል።

ሕጉም ይህን ኀላፊነት ለሠራተኛው ጥንቃቄ ብቻ አልተወውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ፣ የአደጋ መከላከያ ልብስና መሣሪያ እንዲሰጥና አጠቃቀሙንም እንዲያስተምር ያዝዛል። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኀላፊ ነው፤ ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን ከዚህ ውጭ ነው። እንግዲህ በርካሽ ጫማ የዳነው ጥቂት ብር በሕክምናና በካሣ በእጥፍ ሊወጣ ይችላል።

ባለሱቁ ይህን ለደንበኛው ቢያስረዳ የሚከስርበት ነገር የለም። ጫማ የሚጠይቀውን ባለምግብ ቤት «ወለልህ ምን ዓይነት ነው? ዘይት ይፈስበታልን?» ብሎ መጠየቅ ጊዜ አይወስድም። በአንድ ቁራሽ ሴራሚክ ላይ ጥቂት ዘይት አፍስሶ ሁለት ሶሎችን ማነጻጸርም እንደ ምርመራ ቤት ፈተና ባይሆን ልዩነቱን በዓይን ያሳያል። ከዚህ ሱቅ የገዛው ጫማ ሠራተኛውን እንዳቆመለት ያየ ደንበኛ ለሚቀጥለውም ግዢ ወደዚያው ይመለሳል።