ለአንድ ሰው 36 ሜትር ግንብ

ከባቲ ተነስቶ በኮምቦልቻ፣ በከሚሴና በደብረ ብርሃን በኩል አዲስ አበባ ለመግባት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። ይህን መንገድ ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ ቢጓዙት እንኳ ሞሮኮ በምዕራብ ሰሃራ በረሃ የዘረጋችውን ግንብ ርዝመት አያህልም። ግንቡ 2,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1987 በስድስት ዙር ተሠራ።

ይህ ሁሉ የተደከመው ለምዕራብ ሰሃራ ነፃነት የሚዋጋውን የፖሊሳሪዮ ግንባር ተዋጊዎች ለማገድ ነው። ግንባሩ በ1973 ሲመሠረት የሚወጋው ቅኝ ገዢዋን ስፔንን ነበር። ስፔን በ1976 ለቅቃ ስትወጣ ግዛቱን ሞሮኮና ሞሪታንያ ተካፈሉት። ጦርነቱም ወደ እነርሱ ዞረ፤ ተዋጊዎቹ በላንድሮቨር ድንገት ደርሰው ይመቱና በረሃው ውስጥ ይሰወሩ ነበር። ሞሪታንያ አልቻለችውም፤ በ1979 ሰላም አውርዳ ወጣች። ሞሮኮ ደግሞ ማሳደዱ እንደማያዋጣት ስታውቅ በረሃውን ራሱን ማጠር ጀመረች።

ግንቡ በአብዛኛው የአሸዋና የድንጋይ ክምር ነው፤ ቁመቱ ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር። ሰው ቢጥር ይወጣዋል፣ መኪና ግን አያልፈውም። ከፊቱ ምሽግ፣ የሾህ ሽቦና ፈንጂ፣ ከኋላው ራዳር፣ መድፍና የጦር ሰፈር አለ። ፈንጂው በሚሊዮን ይገመታል። በዚያ በረሃ ዝናብ የሚጥለው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲጥል ግን ጎርፉ ፈንጂውን ከተቀበረበት ነቅሎ ሌላ ቦታ ይጥለዋል። ትናንት ግመሎቹን በሰላም ያሳለፈ እረኛ ዛሬ በዚያው ዱካ እግሩን ያጣል። ሰኞ ሰኞ ግመሉን እየነዳ ከቆላ ወደ ባቲ ገበያ የሚወጣውን አፋር የሚያውቅ ሰው፣ የግጦሽና የውኃ መንገድ ሲቆረጥ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

እኔን ከርዝመቱ ይልቅ የሚያስደነግጠኝ ሲካፈል የሚወጣው ቁጥር ነው። ስፔን በ1974 ባካሄደችው ቆጠራ የተመዘገቡት የግዛቱ ተወላጆች፣ ሰሃራውያን፣ 73,497 ነበሩ። ሕፃኑም ሽማግሌውም ተቆጥሮ ማለት ነው። ግንቡ ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ ነፍስ ከ36 ሜትር በላይ ይደርሰዋል። ግንቡን ይጠብቃል ተብሎ የሚገመተው ሠራዊት ደግሞ ወደ 100,000 ይጠጋል፤ በዚያ ቆጠራ ከተገኘው ሕዝብ ይበልጣል።

ነገሩ ለአዲስ አበባም ሩቅ አይደለም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የሰሃራውያንን ሪፐብሊክ በአባልነት የተቀበለው በ1982 አዲስ አበባ ላይ ነው። ሞሮኮ በ1984 በዚህችው ከተማ በተደረገው ጉባኤ ድርጅቱን ጥላ ወጣች፤ በ2017 ወደ ተተኪው የአፍሪካ ኅብረት የተመለሰችውም እዚሁ ነው። ዛሬ ሁለቱም በአንድ አዳራሽ ይቀመጣሉ።

በ1991 ተኩስ ሲቆም ሰሃራውያን ዕጣ ፈንታቸውን በድምፃቸው እንዲወስኑ ቃል ተገብቶ ነበር። በ2020 ተኩሱ እንደገና ተከፈተ። የተባበሩት መንግሥታት በ2018 በአልጄሪያ ቲንዱፍ መጠለያዎች ያሉትን ስደተኞች 173,600 አድርሷቸዋል። የድምፅ መስጫው ሳጥን ግን እስከ ዛሬ አልቀረበላቸውም።